መጀመሪያ ፍሰቱን ጠይቁ

ሻርም ኤል ሼክ ለመጥለቅ የሚመጡ ሰዎች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ሻርክ የት እናያለን?» ነው። እኔ ደግሞ በፍሰት ውስጥ ጠልቀው ያውቁ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ጥያቄዎቹ ይገናኛሉ፤ ትልልቅ ዓሦች የሚበዙት ፍሰቱ ምግብ ይዞ በሚመጣበት ቦታ ነውና።

የቲራንን ሰርጥ እንውሰድ። የአቃባ ባሕረ ሰላጤ ከቀይ ባሕር ጋር የሚገናኘው በዚህ በር ነው። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ውሃው ጃክሰን፣ ውድሃውስ፣ ቶማስና ጎርደን በሚባሉት አራት ሪፎች መካከል ተጨምቆ ያልፋል። በጃክሰንና በውድሃውስ መካከል ያለውን ክፍተት ጠላቂዎች «ልብስ ማጠቢያ ማሽን» ይሉታል። ጀማሪን እዚያ አልወስድም።

1 ኖት ፍጥነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በደቂቃ 30 ሜትር ገደማ ይወስዳችኋል። ተቃውማችሁ ብትዋኙ አየራችሁ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ከፍሰቱ ጋር አብራችሁ ተንሳፈፉ፤ ጀልባው ተከትሎ ያነሳችኋል። ከውሃ ስትወጡ እንዲያያችሁ ግን ተንሳፋፊ ምልክት መያዝ ግድ ነው።

ውሃ ውስጥ ብርቱካናማዎቹን ትንንሽ የአንቲያስ ዓሦች ተመልከቱ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረው ጅራታቸውን ቶሎ ቶሎ የሚያርገበግቡ ከሆነ፣ ከፊታቸው ብርቱ ፍሰት እየመጣ ነው። የምታስወጡት አረፋ ወደ ታች ከወረደ ደግሞ ወዲያው ከሪፉ ግድግዳ ራቁ።

አስጎብኚያችሁ ቀድሞ ገብቶ ፍሰቱን ካየ በኋላ «ቦታ እንቀይር» ካለ፣ እባካችሁ አትከራከሩት።