የውጥን ስፋትና የቃል ረቂቅነት በኬንድሪክ ላማር አልበም

ማኅበራዊ ጉዳይን የሚያነሳ የሂፕ ሆፕ አልበም ሲመዘን ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይነሳሉ፤ አንደኛው ሥራው ምን ያህል ሰፊ ጉዳይ ለመሸከም ደፈረ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ጉዳዩን ሳይሰብክ አድማጩ በራሱ እንዲደርስበት አድርጎ ማቅረብ ቻለ ወይ የሚል ነው። ሁለቱ በአንድ ሥራ ውስጥ ሲጋጩ በግልጽ ከሚታይባቸው አልበሞች አንዱ፣ አሜሪካዊው ራፐር ኬንድሪክ ላማር እ.ኤ.አ. በማርች 2015 ያወጣው «ቱ ፒምፕ ኤ በተርፍላይ» ነው።

ሂፕ ሆፕ በ1970ዎቹ በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በተባለው ክፍል፣ በጥቁር አሜሪካውያንና ከካሪቢያን በመጡ ቤተሰቦች ወጣቶች መካከል የተወለደ ባህል ነው፤ ራፕ ደግሞ የዚህ ባህል የቃል ክፍል፣ ማለትም ግጥምን ከምት ጋር አስማምቶ በንግግር የማውረድ ጥበብ ነው። ግራንድማስተር ፍላሽ ኤንድ ዘ ፊውሪየስ ፋይቭ የተባለው ቡድን በ1982 «ዘ ሜሴጅ» የተሰኘውን ዘፈን ካወጣ ወዲህ፣ የድሆች ሰፈርን ኑሮ መመስከር ከራፕ ዋና ተግባራት አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ምስክርነት ግን ከስብከት ጋር ድንበርተኛ በመሆኑ፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ራፐሮች ሁሉ ይህን ድንበር እንዴት እንደሚጠብቁ መወሰን ነበረባቸው።

ላማር በ1987 በሎስ አንጀለስ አጠገብ በምትገኘው በኮምፕተን ከተማ የተወለደ ሲሆን፣ ከተማዋ በወሮበላ ቡድኖች ግጭት ስሟ የሚነሳ ናት። በ2012 ባወጣው «ጉድ ኪድ፣ ማድ ሲቲ» የተሰኘ አልበም ውስጥ ይህንን ኑሮ ያቀረበው በአንድ ወጣት ታሪክ አማካይነት ነበር። በዚያ አልበም ውስጥ «ሲንግ አባውት ሚ» በሚል የሚጀምረው፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል የሚወስደው ዘፈን ረቂቅነት ምን እንደሆነ ለማሳየት በቂ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ተናጋሪ ወንድሙ የተገደለበት ወጣት ሲሆን፣ ንግግሩን ሳይጨርስ የተኩስ ድምፅ ያቋርጠዋል፤ በሁለተኛው ክፍል የምትናገረው ሴት ደግሞ ላማር ስለ እህቷ ቀደም ሲል በዘፈነው ዘፈን ተቆጥታ እርሷ ከቶ እንደማትጠፋ አጥብቃ ስትናገር፣ ድምጿ ቀስ በቀስ እየደከመ ሄዶ ከነንግግሯ ይጠፋል። ስለ አመፅም ሆነ ስለ ድህነት ማብራሪያ የሚሰጥ አንድም ቃል የለም፤ የድምፁ አቀናበር ብቻውን ሐሳቡን ሁሉ ይናገራል።

ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው አልበም በውጥኑ ከዚህ እጅግ ይሰፋል። አሥራ ስድስት ዘፈኖችን የያዘና ሰባ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሥራ ሲሆን፣ በቤዝ ጊታር ተጫዋቹ በተንደርካት፣ በሳክስፎን ተጫዋቹ በካማሲ ዋሺንግተንና በአቀናባሪው በቴራስ ማርቲን ተሳትፎ ጃዝንና ፋንክን ከራፕ ጋር ያዋሃደ ነው፤ ፋንክ ማለት በ1960ዎቹ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የዳበረ፣ ቤዝ ጊታሩና ምቱ ከዜማው ጎልተው የሚሰሙበት የሙዚቃ ስልት ነው። ርእሱ፣ በቢራቢሮ መነገድ እንደ ማለት፣ ራሱ አንድ ክስ ነው፤ አቃጣሪ በሌላው ሰው ገላ እንደሚነግድ ሁሉ፣ የመዝናኛው ንግድም ከድህነት ወጥቶ ክንፍ ባበቀለው ጥቁር አርቲስት ይነግዳል ይላል። ከዚህ ተነስቶ ዝናን፣ ገንዘብን፣ ራስን መጥላትን፣ የዘረኝነትን ታሪክና ላማር በ2014 በደቡብ አፍሪካ ያደረገውን ጉዞ በአንድ ላይ ለማሰር ይሞክራል። የአሜሪካ መንግሥት «አንክል ሳም»፣ ሰይጣን ደግሞ «ሉሲ» በሚሉ ስሞች ሰው ሆነው ይናገራሉ፤ በዘፈኖቹ መካከል የሚነበበው አንድ ግጥምም በየጊዜው ጥቂት ስንኝ እየተጨመረበት እስከ መጨረሻው ያድጋል።

ይህን ሁሉ የተሸከመው አልበም ከፍተኛውን ደረጃ የሚነካው ግን ድምፁን ዝቅ ባደረገበት ቦታ ነው። «ዩ» በተሰኘው ዘፈን ውስጥ ላማር በአንድ የሆቴል ክፍል ሰክሮ እያለቀሰ ራሱን ይከስሳል፤ ከክሱ ሁሉ የሚከብደውም በጥይት የተመታ ወዳጁን በሆስፒታል ሄዶ እንደመጠየቅ በስልክ ምስል ብቻ ማነጋገሩና ወዳጁም መሞቱ ነው። ስለ ሥርዓቱ ምንም ሳይባል፣ ከሰፈሩ ያመለጠ ሰው ለማምለጡ የሚከፍለው ዋጋ ሙሉ በሙሉ ይሰማል። በ«ዘ ብላከር ዘ ቤሪ» ውስጥም ቃሉ ሻካራና ቁጡ ቢሆንም አሠራሩ ረቂቅ ነው፤ ተናጋሪው በየክፍሉ መጀመሪያ ራሱን ግብዝ ብሎ እየጠራ፣ በ2012 በፍሎሪዳ ስለተገደለው ጥቁር ታዳጊ ስለ ትሬይቮን ማርቲን ያለቀሰው እርሱ ራሱ በወሮበላ ጠብ ጥቁር ሰው መግደሉን የሚገልጸው በመጨረሻው ስንኝ ነው። አንዳንድ ተቺዎች ይህ ፍጻሜ ጥፋቱን ወደ ተበዳዮቹ ያዞራል ሲሉ ወቅሰውታል፤ ወቀሳው ቀላል ባይሆንም፣ የሚናገረው ሕዝብን የሚዘልፍ መምህር ሳይሆን ራሱን የሚከስስ ሰው መሆኑን የዘነጋ ይመስላል።

በአንጻሩ አልበሙ ማስተማር ሲጀምር ይከብዳል። ለኢትዮጵያዊ አድማጭ በተለይ የሚቀርበው ምሳሌ በ«አይ» መጨረሻ ላይ ይገኛል። ይህ ዘፈን በ2014 ለብቻው ሲወጣ ደስ የሚል ራስን የመውደድ መዝሙር ነበር፤ በአልበሙ ላይ ግን በመድረክ እንደሚቀርብ ሆኖ ተቀርጾ፣ በተመልካቾች መካከል ጠብ ሲነሳ ይቋረጣል። መቋረጡ ግሩም ሐሳብ ነው፤ ራስን ውደዱ የሚለው መዝሙር እርስ በርሱ በሚጣላ ሕዝብ ፊት አልዘለቀም ማለት ነውና። ላማር ግን በዚያ አይተወውም፤ ጠበኞቹን ለማብረድ ንግግር ይጀምርና በጥቁሮች ላይ የተለጠፈውን የስድብ ቃል ከኢትዮጵያው «ንጉሥ» ጋር ያገናኘዋል። ስድቡ በታሪክ ጥቁር ማለት ከሆነ የላቲን ቃል የመጣ በመሆኑ ዝምድናው አይጸናም፤ ክብርን ከኢትዮጵያ የመፈለጉ ስሜት በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ረጅም ታሪክ ያለውና ልብ የሚነካ ቢሆንም፣ በዚህ ቦታ ድራማውን ወደ ትምህርት ክፍል ይለውጠዋል።

ተመሳሳይ ድክመት በመጨረሻው ዘፈን በ«ሞርታል ማን» ይታያል። በዚያ ላማር በ1996 ከተገደለው ራፐር ከቱፓክ ሻኩር ጋር ሲወያይ ይሰማል፤ የቱፓክ ድምፅ በ1994 ከተደረገለት ቃለ መጠይቅ የተወሰደ ነው። ሐሳቡ ደፋር ነው፤ ሆኖም ላማር ስለ አባጨጓሬውና ስለ ቢራቢሮው በዚያ ውይይት ውስጥ የሚያነበው ጽሑፍ ርእሱ የያዘውን ምሳሌ አንድ በአንድ ይተነትነዋል፤ ሰምና ወርቅን የለመደ አድማጭ፣ ባለ ቅኔው ራሱ ወርቁን አውጥቶ ሲያሳየው የመፈለግ ድርሻው እንደተወሰደበት ይሰማዋል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ረቂቅነት ብቻውን የሥነ ጥበብ መለኪያ እንዳልሆነ «ኦልራይት» የተሰኘው ዘፈን ይመሰክራል። ስንኞቹ ስለ ፈተና፣ ስለ ተስፋ መቁረጥና ስለ ሉሲ ማባበል የሚናገሩ ሲሆኑ፣ አዝማቹ ግን ደኅና እንሆናለን የሚል አጭርና ግልጽ ቃል ነው፤ በጁላይ 2015 በክሊቭላንድ ከተማ ከፖሊስ ጋር የተፋጠጡ ጥቁር ሰልፈኞች በአንድ ድምፅ ያሰሙትም ይህንኑ አዝማች ነበር። በአደባባይ የቆመ ሕዝብ የሚያስፈልገው ተብራርቶ የማያልቅ ስንኝ ሳይሆን አብሮ የሚጮህ ቃል ነው፤ አልበሙም ያንን ሰጥቶታል።

«ቱ ፒምፕ ኤ በተርፍላይ» በ2016 የግራሚን የምርጥ ራፕ አልበም ሽልማት አገኘ። ላማር ግን በ2017 ባወጣው «ዳም» በተሰኘው አልበም የማብራራቱን ልማድ ተወው፤ ዘፈኖቹ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ሲደመጡም ሌላ ታሪክ እንዲወጣቸው ተደርገው ቢሠሩም፣ ይህንን በአልበሙ ውስጥ አላስረዳም፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ እትም አወጣ። «ዳም» በ2018 የፑሊትዘርን የሙዚቃ ሽልማት ሲወስድ፣ ከክላሲካልና ከጃዝ ውጭ ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሥራ ሆኗል። ይህ ውጤት ግን የ2015ቱን አልበም ድፍረት ከንቱ አያደርገውም፤ ላማር በ«ዳም» ምን ያህሉን ሳይናገር መተው እንደሚችል ያወቀው፣ ቀደም ሲል ሁሉንም ለመናገር ሞክሮ ስለነበር ይመስላል።