ቱሮን፦ የስፔን የልደት ሱቅ እንግዳ ተቀባይ

በማድሪድ መሀል ፑዌርታ ዴል ሶል የሚባል አደባባይ አለ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት የሚወስደው ጎዳና ካሬራ ደ ሳን ሄሮኒሞ ይባላል። የአውሮፓውያኑ ዲሴምበር ወር ሲገባ በዚህ ጎዳና ዳር ሰልፍ ይሠራል፤ ልደት እየቀረበ በመጣ ቁጥርም ሰልፉ ይረዝማል። አረጋውያን፣ ልጅ የያዙ ወላጆች፣ ከቢሮ የወጡ ሠራተኞች ኮታቸውን ቆልፈው በብርዱ ተራ ይጠብቃሉ። መግባት የሚፈልጉት ካሳ ሚራ ወደሚባል አሮጌ ሱቅ ነው፤ ይዘው የሚወጡትም ከማርና ከለውዝ የሚሠራውን ቱሮን ነው።

ካሳ ሚራ የተከፈተው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1842 ነው። መሥራቹ ሉዊስ ሚራ ከማድሪድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በአሊካንቴ ክፍለ ሀገር ከምትገኘው ሂሆና ከተባለች ትንሽ ከተማ የመጣ ሰው ነበር። ስለ አመጣጡ እስከ ዛሬ የሚተረክ ታሪክ አለ። ቱሮኑን በጋሪ ጭኖ ወደ ዋና ከተማው ሲነሣ የየመንደሩ ሰው መንገድ ላይ እየተሻማ ይገዛዋል፤ ጭነቱ ያልቅበትና ወደ ሂሆና ተመልሶ እንደገና ይሠራል። ማድሪድ የገባው ደጋግሞ ከሞከረ በኋላ ነው ይባላል። በወሬ የተጋነነ ነገር ሊኖርበት ይችላል። ቢሆንም አንድ እውነት ይዟል፦ ሂሆናና ቱሮን በስፔናውያን አፍ የማይነጣጠሉ ሁለት ስሞች ናቸው።

ለውዝ ስል ግራ እንዳያጋባ። በእኛ ገበያ ብዙ ጊዜ ለውዝ የሚባለው ከመሬት የሚነቀለው ኦቾሎኒ ነው። እዚህ የማወራው ግን በዛፍ ላይ ስለሚያፈራው፣ ዛሬ ብዙዎች አልሞንድ ስለሚሉት፣ በኦሪት ዘኍልቍ የአሮን በትር እንዳፈራችው ስለተጻፈው ለውዝ ነው። የሜዲትራኒያን ዳርቻ ደረቅ ኮረብታ ለዚህ ዛፍ ይስማማዋል። ከዝርያዎቹ መካከል ማርኮና የሚባለው ክብና ቅባታም ፍሬ በጣፋጭ ሠሪዎች ዘንድ የተከበረ ነው። ለውዝን ከማር ጋር ማብሰል ሙስሊሞች አንዳሉስን ይገዙ ከነበረበት ዘመን የቀረ ጥበብ እንደሆነ ብዙዎች ይናገራሉ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፉ የስፔን ጽሑፎች ውስጥ ቱሮን በስሙ ተጠቅሶ ይገኛል።

አሠራሩን ላስረዳ። መጀመሪያ ማርና ስኳር በትልቅ ድስት ይፈላሉ፤ ማማሰያውም አያርፍም። ውሃው ተንኖ ማሩ ሲወፍር የእንቁላል ነጭ ይጨመርበታል። ያን ጊዜ ቡናማው ማር ነጣ እያለ ይሄዳል፣ አየር ይይዛል፣ ይነፋል። ቀጥሎ የተቆላው ለውዝ ይገባል። ይህ እንዳለ በሁለት ስስ ቂጣዎች መካከል ተዳምጦ ሲቀዘቅዝ ጠንካራውን ቱሮን ይሰጣል፤ መጠሪያውም የአሊካንቴ ቱሮን ነው። ለውዙ ሳይሰበር ከነመልኩ ይታያል፤ ሲሰበር ቀጭ ይላል፤ ጥርስ ያልጸናለት ሰው ግን ባይደፍረው ይሻላል።

ለስላሳው የሂሆና ቱሮን ከዚሁ ይነሣና ሌላ መንገድ ይይዛል። የቀዘቀዘውና የደረቀው ይፈጫል። ለውዝ ሲፈጭ ዘይቱን ስለሚለቅ ዱቄት ይሆናል ያሉት ነገር ወፍራም ሊጥ ይሆናል። ይህ ሊጥ ቦይሼት በሚባል ክብ ድስት ውስጥ እንደገና ይሞቃል፤ ከላይ እንደ ዘነዘና የሚወርድ መምቻም ረዘም ላለ ጊዜ ያሸዋል። መቼ እንደሚበቃው የሚወስነው ቱሮን ሠሪው ነው። ቶሎ ከወጣ ዘይቱና ማሩ ሳይዋሐዱ ይቀራሉ፤ ከዘገየም ይበላሻል። ሽንኩርቱ መቼ በደንብ እንደተቁላላ በሽታው ብቻ የምታውቅ የወጥ ባለሙያ ይህ ሰው የሚሠራውን ሳይነገራት ትረዳዋለች። የሚወጣው ቱሮን ቡኒ፣ ቅባታም፣ ምላስ ላይ ሲቀመጥ የሚሟሽሽ ነው። ከሁለቱ ምረጥ ብባል ሳላመነታ ይህን እመርጣለሁ። በጠንካራው ውስጥ ማርና ለውዝ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ በለስላሳው ግን አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም።

ሂሆና ዓመቷን በሁለት ሥራ ትከፍላለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቀዝቃዛው ወራት ቱሮን የሚሠሩት ቤተሰቦች ከጥንት ጀምረው በበጋ አይስክሬም እየሠሩ በመላው ስፔን ይሸጡ ነበር። ስለዚህ በብዙ የስፔን ከተሞች አይስክሬም ቤት የከፈተው ሰው ሥሩ ሲቆጠር ከሂሆና ሆኖ ይገኛል።

ስሙንም ሕግ ይጠብቀዋል። «ሂሆና» እና «የአሊካንቴ ቱሮን» የሚሉት መጠሪያዎች በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቁ የቦታ ስሞች ናቸው፤ የሚቆጣጠራቸው ምክር ቤትም አለ። የሚገርመው የአሊካንቴ የሚባለውም ቢሆን የሚሠራው ሂሆና ውስጥ መሆኑ ነው። «ሱፕሬማ» የሚል ከፍተኛ ደረጃ ለማግኘት የሂሆናው ቢያንስ 64 በመቶ፣ የአሊካንቴው ደግሞ ቢያንስ 60 በመቶ ለውዝ ሊኖረው ይገባል፤ ማሩም ከ10 በመቶ አያንስም። እንግዲህ ሱቅ ገብቶ መደርደሪያው በቸኮሌት፣ በኮኮናት፣ በብርቱካን «ቱሮን» ተሞልቶ ያገኘ ሰው ግራ አይጋባ። እነዚያም የሚጣፍጡ ይሆናሉ፤ ቱሮንን መጀመሪያ የሚቀምስ ሰው ግን የምክር ቤቱን ማኅተም ፈልጎ ከሁለቱ አሮጌዎች ይጀምር።

ቱሮንን ከሌላ የምግብ ዕቃ ጋር የሚሸጡ አሮጌ ሱቆች የቆየ መጠሪያቸው ኡልትራማሪኖስ ነው፤ «ከባሕር ማዶ የመጣ» እንደ ማለት። ስሙ የወጣላቸው ቡና፣ ካካዎ፣ ስኳርና ቅመም ከባሕር ማዶ እያስመጡ ይሸጡ በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ መደርደሪያቸውን የሚያስጌጠው ግን በአብዛኛው የራሷ የስፔን ምርት ነው፤ ያም ከነመንደሩ ስም ይጠራል። በእኔ ግምት የእነዚህ ሱቆች ትልቁ ነገር ይህ ነው። ሻጩ «ምን ላድርግልዎ?» ካለ በኋላ የሚያነሣው ወሬ ስለ ዋጋ ከመሆኑ በፊት ስለ ቦታ ነው።

ለምሳሌ ቀይ ዱቄት በትንንሽ ቆርቆሮ ታሽጎ ይታያል፤ የላ ቬራ ፒሜንቶን ነው። በርበሬ መሆኑን ሐበሻ በቀለሙ ያውቀዋል። በምዕራብ ስፔን፣ በካሴሬስ ክፍለ ሀገር፣ ገበሬዎች ቃሪያውን በፀሐይ አያሰጡትም፤ ሁለት ሳምንት ያህል በኦክ እንጨት ጭስ ያደርቁትና ይፈጩታል። የሚያቃጥልም የማያቃጥልም አለው። ቃሪያ ከአሜሪካ አህጉር ተነሥቶ ወደ እነርሱም ወደ እኛም የመጣ ተክል ነው፤ እኛ ከኮረሪማና ከነጭ ሽንኩርት ጋር አዋደድነው፣ እነርሱ ከጭስ ጋር። ከጎኑ የላ ማንቻ ሳፍሮን በትንሽ ብልቃጥ ተቀምጦ ዋጋው ሊያስደነግጥ ይችላል። ከአንድ አበባ የሚገኘው ሦስት ቀጭን ክር ብቻ ነው፤ አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ150,000 በላይ አበባ በእጅ ይለቀማል። ሲገዙ ዱቄቱን ትቶ ክሩን መግዛት ነው፤ ዱቄት ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ በዐይን አይለይም።

ከጣሪያው የተንጠለጠለው የአሳማ እግር ሃሞን ይባላል። አብዛኛው የእኛ ሰው በሃይማኖቱም በልማዱም አይበላውም፤ የስፔን ሱቅ ግን ያለ እርሱ ስለማይታሰብ ማወቁ አይጎዳም። በአውሮፓውያኑ 2014 የወጣ ደንብ ኢቤሪኮ ከሚባለው የአሳማ ዝርያ የሚሠራውን ሃሞን በእግሩ ላይ በሚታሠረው ማኅተም ቀለም በደረጃ ይለያል። ጥቁሩ ዝርያው ንጹሕ ኢቤሪኮ ለሆነና በኦክ ዛፎች መካከል እየተሰማራ የዛፉን ፍሬ በልቶ ለደለበ ብቻ ነው። ቀዩ ፍሬውን ለበላ ድቅል፣ አረንጓዴው በመስክም በመኖም ላደገ፣ ነጩ ደግሞ በበረት በመኖ ለደለበ ነው። አንድ የምግብ ዕቃ በአንድ የቀለም ምልክት ይህን ያህል ሲናገር ሌላ ቦታ አላውቅም።

አሳማን የማይበላ ሰው በእርግጥ መጠንቀቅ ያለበት ከሃሞን ይልቅ በብስኩቱ ነው። በወረቀት ተጠቅልለው የሚሸጡ፣ አፍ ውስጥ እንደ በሶ የሚፈረፈሩ ማንቴካዶና ፖልቮሮን የሚባሉ የልደት ብስኩቶች አሉ፤ በሴቪል ክፍለ ሀገር ያለችው ኤስቴፓ በእነርሱ ትታወቃለች። ዱቄቱ የሚታሸው ባብዛኛው በአሳማ ስብ ነው። የሥራ ባልደረባ አክብሮ ሲያቀርብላችሁ ይህን ሳታውቁ እንዳትጎርሱ። በወረቀቱ ላይ «ማንቴካ ደ ሴርዶ» የሚል ከተጻፈ የአሳማ ስብ ማለት ነው፤ «አሴይቴ ደ ኦሊቫ» የሚለው ደግሞ በወይራ ዘይት የተሠራ መሆኑን ያመለክታል፤ እርሱንም ቢሆን ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ማንበብ ይበጃል።

ማዛፓን የሚባለው የቶሌዶ ጣፋጭ ለእኛ የበለጠ ይቀርባል። የተፈጨ ለውዝና ስኳር ብቻ ታሽቶ በዓሣ፣ በወፍ፣ በቀንድ አውጣ ቅርጽ ተሠርቶ ምድጃ ውስጥ ጠየም ይላል። ለውዙ ከግማሽ ማነስ የለበትም። ይህንና ሌሎችንም ጣፋጮች በስፔን ገዳማት ያሉ መነኮሳይያት ይሠራሉ፤ እነርሱ የሚሸጡበት መንገድ ከሁሉም ሱቅ ይበልጥብኛል። በማድሪድ ከሳን ሚጌል ገበያ አጠገብ የካርቦኔራስ ገዳም አለ። ደወል ይደወላል፤ ከውስጥ ድምፅ ይመልሳል። በግድግዳው ላይ ቶርኖ የሚባል የሚሽከረከር የእንጨት መስኮት አለ። ገዢው የሚፈልገውን ተናግሮ ገንዘቡን ያስቀምጣል፤ መስኮቱ ሲዞር የጣፋጩ ሣጥን ከነመልሱ ይመጣል። ከዓለም የተለዩ ስለሆኑ ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት አይተያዩም። ሥራቸው ግን በእጃቸው ልክ ሣጥኑ ውስጥ አለ።

ይህ ሁሉ በአንድ ላይ ሲታሸግ የልደት ቅርጫት ይሆናል፤ ስፔናውያን ሴስታ ደ ናቪዳድ ይሉታል። ቱሮን፣ ሃሞን፣ አይብ፣ ወይን ተሞልቶ አሠሪ ለሠራተኛው ይሰጠዋል። ልማዱ ሥር ከመስደዱ የተነሣ ለዓመታት ሲሰጥ የኖረን ቅርጫት ድርጅቱ ብቻውን ሊያስቀር አይችልም ተብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ለሠራተኞች የተፈረደበት ጊዜ አለ።

የቦታ ስም ዋጋ እንዳለው እኛም እናውቃለን። ኢትዮጵያ በአውሮፓውያኑ 2005 የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋጨፌ ቡና ስሞችን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክታ፣ ከቡና ኩባንያው ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ በ2007 ተስማምታለች። ማራችንና በርበሬያችን ግን በውጭ ሱቆች እስከ ዛሬ በአብዛኛው የወጡበት መንደር ሳይጠራ ይሸጣሉ። ሂሆናን የምታህል ትንሽ ከተማ ስሟን በሕግ አስከብራ ከኖረች፣ እኛ የማናደርግበት ምክንያት አይታየኝም።

በስፔንና በሌላውም አውሮፓ ለሚኖሩ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። የእነርሱ የልደት ገበያ ሙሉ በሙሉ በእኛ ጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላል። ቱሮን የእንቁላል ነጭ አለበትና የጾም አይደለም። ማዛፓን ላዩ እንቁላል ካልተቀባ ይሆናል፤ ሻጩን መጠየቅ ነው። ለውዝ በተቃጠለ ስኳር ብቻ የሚያያዝበት የአራጎን ጊርላቼ፣ እንዲሁም ደረቅ በለስ ከለውዝ ጋር ተዳምጦ የሚሠራው ፓን ደ ኢጎ የጾም ናቸው። ቱሮን ግን ለወራት ስለማይበላሽ ገዝቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ስፔናውያን የሰብአ ሰገልን በዓል የሚያከብሩትና ለልጆቻቸው ስጦታ የሚሰጡት ጃንዋሪ 6 ቀን ነው፤ ያ ቀን የእኛ የገና ጋድ ነው። ከዚያ በኋላ የተረፈው ቱሮን ዋጋው ይቀንሳል፤ የክረምት ቅናሻቸውም በልማድ የሚጀምረው በማግሥቱ ጃንዋሪ 7፣ ገና በሚውልበት ዕለት ነው። ጾሙ ተፈትቷልና የሂሆናውን ገዝታችሁ ከቡና ጋር ቅመሱት።