የሌላውን ሰው ቃል በእንግሊዝኛ ስለ ማቅረብ

ቃልን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ መመለስ ለወለጋ እንግዳ ሥራ አይደለም። በነቀምቴ ያስተማሩት ኦነሲሞስ ነሲብ ወደ ኦሮምኛ የመለሱት መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታትሟል። ዛሬም በጉቶ ጊዳ ያለ ልጅ እንግሊዝኛ ሲማር ይኸው ሥራ ይገጥመዋል።

በአማርኛ «እመጣለሁ አለ» እንላለን፤ በኦሮምኛም «ነን ዹፈ ጄዼ» ይባላል። በሁለቱም ቃሉ ከተናጋሪው አፍ እንደ ወጣ ይቀመጣል፤ የሚመጣውም ያ የተናገረው ሰው እንደ ሆነ ሰሚው ያውቃል።

እንግሊዝኛ ግን እንዲህ አይደለም። ተማሪው ቃል በቃል መልሶ «ሂ ሴድ አይ ዊል ካም» ቢል፣ በንግግር የጥቅስ ምልክት አይታይምና፣ ሰሚው የሚመጣው መልእክተኛው ራሱ ነው ብሎ ይረዳል። ነገሩ የዕዳ ነገር ሆኖ «እከፍላለሁ አለ» የሚለው እንዲህ ቢመለስ፣ ዕዳው ከባለዕዳው ወርዶ በአስተርጓሚው ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይለወጣል። መጀመሪያ፣ «እኔ» የተባለው «እሱ» ይሆናል። ሁለተኛ፣ «አለ» ኃላፊ ግሥ ስለ ሆነ ተከታዩን ግሥ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኃላፊ ይስበዋል፤ «ዊል» የነበረው «ዉድ» ይሆናል። ሦስተኛ፣ ቀኑ ካለፈ «ነገ» የተባለው «በማግሥቱ» ይባላል። እንግዲህ ትክክለኛው «ሂ ሴድ ዛት ሂ ዉድ ካም» ነው። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች እንደ ማለት ያለ ዘወትር እውነት የሆነ ነገር ሲሆን ግን፣ ግሡ ሳይለወጥ ሊቀር ይችላል።

መምህራን ሆይ፣ ደንቡን ከማስጠናታችሁ አስቀድሞ ልጁን «የሚመጣው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህን አጥርቶ የመለሰ ልጅ ደንቡን ለመያዝ አይቸገርም።