የካውንቲው አማካይና የገበሬው ማሳ

የሰብል ድጎማ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው፣ መንግሥት እህሉ የተበላሸበትን ገበሬ አይቶና ጉዳቱን ለክቶ የሚከፍለውን ገንዘብ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ገጠሮች ከሚሠራባቸው ዋና ዋና ድጎማዎች አንዱ ግን የማንንም ማሳ አይመለከትም። ክፍያው የሚወሰነው በካውንቲው አማካይ ምርት ነው። (ካውንቲ በግምት ከእኛ ወረዳ ጋር የሚነጻጸር የአስተዳደር እርከን ነው።) ስሌቱ ቀላል ቢመስልም አማካይ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሰውር ለመረዳት ጥሩ ምሳሌ ነው።

ዘዴው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የግብርና ሕግ ሲሆን በ2025 ተሻሽሏል። በመጀመሪያ የካውንቲው የአምስት ዓመታት ምርት ይወሰድና ከፍተኛውና ዝቅተኛው ይጣላሉ፤ የቀሩት ሦስቱ አማካይ ይወጣላቸዋል። ዋጋም እንዲሁ። ዝርዝሩን ትተን በሐሳብ የፈጠርነውን አንድ ካውንቲ እንውሰድ። የበቆሎ ምርቱ በኤከር 150፣ 170፣ 160፣ 90 እና 175 ቡሼል ከሆነ፣ 90ና 175 ተጥለው አማካዩ 160 ይሆናል። የዋጋው አማካይ 5 ዶላር ቢሆን፣ ማመሳከሪያው ገቢ በኤከር 800 ዶላር ነው። ዋስትናው የዚህ 90 በመቶ፣ ማለትም 720 ዶላር ነው። ዋጋው ሳይለወጥ የዘንድሮው የካውንቲ ምርት 130 ቡሼል ቢሆን ገቢው 650 ዶላር ይሆናል፤ ጉድለቱም 70 ዶላር ነው። ምርቱ ወደ 110 ቢወርድ ጉድለቱ 170 ዶላር ይደርሳል፤ ክፍያው ግን ከማመሳከሪያው 12 በመቶ፣ ማለትም ከ96 ዶላር አይበልጥም።

በቤተ ሙከራ ተማሪ ያለ ምክንያት ልኬት ቢጥል ውጤት እንቀንስበታለን። እዚህ ግን ምክንያት አለ፤ አንድ የድርቅ ዓመት የሚቀጥሉትን ዓመታት ዋስትና እንዳያወርድ ነው። ድርቁ ሁለት ዓመት ከተደጋገመ ግን የሚጣለው አንዱ ብቻ ስለሆነ ዋስትናው መውረዱ አይቀርም።

አሁን ወደ ማሳው እንመለስ። መቶ ማሳዎች እርስ በርስ ነጻ በሆነ መንገድ ቢዋዥቁ፣ የአማካያቸው መዋዠቅ የአንዱ ማሳ መዋዠቅ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። በረዶ ከዚህ ዓይነት ጉዳት ጋር ይቀራረባል። በአይዋ የአንድ ካውንቲ ስፋት በአማካይ 1,500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በረዶ የሚመታው ብዙውን ጊዜ ጠባብ ቀበቶ ነው። እህሉ የረገፈበት ገበሬ ከዚህ ድጎማ ምንም ላያገኝ ይችላል፤ ጉዳቱ በጎረቤቶቹ ምርት ውስጥ ይሰወራልና። ድርቅ ግን ሁሉንም ማሳ በአንድነት ስለሚያወርድ አማካዩም አብሮ ይወርዳል። ያን ጊዜ ጥሩ ምርት የሰበሰበው ገበሬም ሳይቀር ሊከፈለው ይችላል።

ታዲያ እያንዳንዱ ማሳ ለምን አይለካም? አንደኛ፣ ወጪው ከባድ ነው። ሁለተኛ፣ በራሱ ምርት የሚከፈለው ገበሬ ምርቱን አሳንሶ ለማስመዝገብ ወይም እርሻውን ችላ ለማለት ይፈተናል፤ የካውንቲውን አማካይ ግን ብቻውን ሊያወርደው አይችልም። ለግል ጉዳት የሰብል መድን ለብቻው አለ፤ ከዓረቦኑም በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሸፍነው መንግሥት ነው።

ለእኔ ይበልጥ እንግዳ የሚመስለኝ የመሬቱ ቁጥር ነው። ክፍያው የሚባዛው ዘንድሮ በተዘራው መሬት ሳይሆን፣ ቀደም ባሉ ዓመታት ለየሰብሉ በተመዘገበው መሬት 85 በመቶ ነው። በበቆሎ በተመዘገበ መሬት ላይ አኩሪ አተር የዘራ ገበሬ የሚታሰብለት በበቆሎ ነው። ዓላማው ገበሬው ለድጎማው ብሎ ሳይሆን ገበያን አይቶ እንዲዘራ ነው፤ አስተሳሰቡም መጥፎ አይደለም። ሆኖም ጎን ለጎን ከሚገኙ፣ እኩል ካመረቱ ሁለት ማሳዎች፣ አንዱ መዝገብ ስላለው ሲከፈልበት ሌላው ባዶውን ይቀራል። የ2025ቱ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2023 የተዘራውን መሠረት በማድረግ እስከ 30 ሚሊዮን ኤከር የሚደርስ ተጨማሪ መሬት ወደ መዝገቡ እንዲገባ ፈቅዷል።