ቆቅ ወዲህ፣ ስሟ ወዲያ

«ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ» የሚለው ተረት ለወፍ ተመራማሪዎችም የተነገረ ይመስላል። የአፍሪካ ቆቆች ለረጅም ዘመን «ፍራንኮሊነስ» በተባለ አንድ ወገን ተጠቃለው ኖረዋል። የእንግሊዛዊቷ የቢ. ፒ. ሆል የ1963 (እ.ኤ.አ.) ጥናትም ይህንኑ አጸና። ኋላ ግን የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ጉዳዩን ገለበጠው። «ፕተርኒስቲስ» የተባሉት ቆቆች ለድርጭት ሲቀርቡ፣ ሌሎቹ ደግሞ ለዶሮ የሚቀርቡ ሆነው ተገኙ። መልካቸው ቢመሳሰልም የቅርብ ዘመዳሞች አይደሉም።

ነገሩ የስም ጨዋታ ብቻ አይደለም። በቦረና፣ በሜጋ አካባቢ የምትገኘው ግንባረ ጥቁር ቆቅ በ1930 ስትመዘገብ በደጋው በብዛት የምትታየው የሌላዋ ቆቅ ንዑስ ዝርያ ተደርጋ ነበር። በ2014 የታተመ ጥናት ግን በላባዋና በዲ.ኤን.ኤ.ዋ ራሷን የቻለች ዝርያ መሆኗን አሳየ።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ንዑስ ዝርያ ተብላ ብትቀር ኖሮ ቁጥሯ ከብዙኃኑ ጋር ተደምሮ ብትጠፋም ልብ የሚላት አልነበረም። ራሷን ስትችል ግን በጠባብ ቦታ የምትኖር፣ ጥበቃ የሚያሻት የአገር ሀብት መሆኗ ይታወቃል። በስሟ ያልተቆጠረ፣ ሲጠፋም አይታወቅም።