ያውቁ ኖሯል? የሱፐርማርኬት ጋሪም የራሱ ሕግ አለው

በአሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ግዛት የሱፐርማርኬት ጋሪን ያለ ፈቃድ ከመደብሩ ግቢ ይዞ መውጣት በሕግ ያስቀጣል። ለዚህ ግን ጋሪው ላይ በቀላሉ የማይነቀል ምልክት መኖር አለበት። ምልክቱ የባለቤቱን ማንነት፣ ጋሪውን በፈቃድ ማውጣት የሚቻልበትን መንገድ፣ ያለ ፈቃድ መውሰድ ሕግ መጣስ መሆኑን እንዲሁም የሚመለስበትን አድራሻ ወይም ስልክ ይገልጻል።

ሕጉ መደብሩንም አይተወውም፤ ይህም ተገቢ ነው። የእግረኛ መንገድ ላይ የተጣለ ጋሪ በዊልቸር የሚሄደውንና ሕፃን በጋሪ የምትገፋውን እናት ወደ አስፋልት ያወጣቸዋልና። ባለቤቱ ማስታወቂያ ደርሶት በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ካላነሳው ከተማው ጋሪውን ወስዶ ወጪውን ሊያስከፍለው ይችላል። የአደጋ ጊዜ አገልግሎትን የሚያደናቅፍ ከሆነ ደግሞ ከተማው ወዲያውኑ ሊያነሳው ይችላል። በ6 ወር ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ ሳያነሳ የቀረ መደብር፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ጥፋት በገንዘብ ሊቀጣ ይችላል። ማስታወቂያው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ባለቤቱ ያልወሰደው ጋሪ ሊሸጥ ወይም ሊወገድ ይችላል።

በካሊፎርኒያ የምትኖሩ ወገኖች፣ በሰፈራችሁ የተጣለ ጋሪ ካያችሁ ምልክቱ ላይ ባለው ስልክ ወይም አድራሻ ለመደብሩ አሳውቁ።