ለክፉ ቀን የተቀመጠ ብር ኪሳራ ነው ወይ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ምክር ይዘወተራል። ብር አቅሙ እየወረደ ስለሆነ ማስቀመጥ ኪሳራ ነው፣ ይልቅ ተበድረህ ዕቃ ግዛበት፣ ዕዳውን በረከሰ ብር ትከፍለዋለህ ይባላል። ምክሩ ከባዶ የመጣ አይደለም። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የተደነገገው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሲሆን፣ የዋጋ ንረቱ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ረገብ ብሎም 14 በመቶ ገደማ ነበር። ረገብ አለ ሲባልም ዋጋው የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት እንጂ ጤፉም ዘይቱም ወደ ቀድሞ ዋጋው ተመለሰ ማለት አይደለም። ያም ሆኖ ይህ ምክር ለነጋዴ የሚሠራውን ያህል ለደመወዝተኛ አይሠራም። እንዲያውም ብዙ ቤተሰብን ወደ ከፋ ዕዳ የሚመራው እሱ ይመስለኛል።

ዕዳ በዋጋ ንረት ይቀልላል የሚባለው የተበዳሪው ገቢ ከዋጋው ጋር አብሮ ሲያድግ ነው። ባለሱቁ ስኳር ሲወደድ የሚሸጥበትን ዋጋ ይጨምራል፤ የወር ክፍያው ግን ያው ስለሆነ ዕዳው በእርግጥ ይቀልለታል። ደመወዝተኛው ግን ዋጋ የሚቆርጥበት ነገር የለውም። ከግብርና ከጡረታ ተቀናሽ በኋላ 10,000 ብር በእጁ የሚገባ፣ ከዚያ ላይ 3,000 ብር ለብድር የሚከፍልና በ6,500 ብር የሚኖር ሰው እናስብ። በወር 500 ብር ትተርፈዋለች። የኑሮ ወጪው 14 በመቶ ሲጨምር 7,410 ብር ይሆናል፤ ትርፉ ጠፍቶ 410 ብር ጎደለው ማለት ነው። በገበያው ዘንድ 3,000 ብር ረክሷል፤ ለእሱ ግን ከመቼውም ይልቅ ከብዷል። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ መጨመሩ፣ ግብር የማይከፈልበት የወር ገቢም በ2017 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ማለቱ እውነት ነው፤ ይሁንና ማስተካከያ የሚመጣው ዋጋው ከጨመረ በኋላ ነው። ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ የሚገባው በዚያ መሀል ባለው ጊዜ ነው።

ያ የጎደለው 410 ብር በመጀመሪያ በሰፈር ሱቅ ዱቤ ይሸፈናል፤ ቀጥሎ በስልክ በሚገኝ የአጭር ጊዜ ብድር። የስልኩ ብድር ዋስትና አይጠይቅም፣ በደቂቃ ይደርሳል፣ ለአንድ ጊዜ ችግር ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ከ100 ብር ላይ በወር 5 ብር የሚከፈልበት ብድር በየወሩ እየታደሰ ከቀጠለ የዓመቱ ዋጋ 60 በመቶ ነው። ሰው ሲታመም ወይም የቤት ኪራይ በድንገት ሲጨምር ደግሞ አራጣ አበዳሪ ጋ ይኬዳል። አራጣ በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል፤ ስለዚህም ወለዱ ከዋናው ጋር ተደምሮ ሁሉም የተወሰደ ብድር እንደሆነ ተጽፎ ይፈረማል። በወር ከመቶ አሥር ሒሳብ 10,000 ብር ለስድስት ወር የወሰደ ሰው የሚፈርመው ለ16,000 ብር ነው። ቁጠባን መመዘን ያለብን ከዚህ አንጻር ነው። 10,000 ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው ከዓመት በኋላ 10,700 ብር ይኖረዋል፤ በ14 በመቶ ንረት ያንኑ ዕቃ ለመግዛት 11,400 ብር ያስፈልገዋልና 700 ብር ከስሯል። ያ ብር ባለመኖሩ በአራጣ ለመበደር የተገደደው ግን በግማሽ ዓመት 6,000 ብር ከፍሏል። የመጠባበቂያ ብር ትርፉ ከወለዱ ይልቅ ከዚህ ዓይነቱ ብድር ማዳኑ ነው።

ታዲያ ብሩን በዕቃ ብለውጠው አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። ለሚበላ ነገር ይሻላል። አዲስ ምርት ገብቶ ጤፍ ሲረክስ የወራት ቀለብ አስቀድሞ መግዛት ከየትኛውም የባንክ ወለድ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ግን ሌሊት ሆስፒታል በር ላይ አይመነዘሩም፤ በችኮላ የተሸጠ ወርቅም ዋጋው አይሟላም። ስለዚህ የሁለት ወይም የሦስት ወር አስቤዛ የሚሆን ብር በብርነቱ ይቀመጥ፤ ዕቃና ንብረት ከዚያ በላይ ላለው ነው።

እቁብን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። 12 ሰዎች በየወሩ 5,000 ብር ሲጥሉ መጀመሪያ የወጣለት ሰው 60,000 ብር ይወስዳል፤ ከራሱ 5,000 ብር በቀር ሌላው ያለ ወለድ የተበደረው ያህል ነው፤ መጨረሻ የሚወስደው ደግሞ ያለ ወለድ አበዳሪ ነው። ዋጋ በዓመት 14 በመቶ ሲጨምር የመጨረሻው 60,000 ብር የሚገዛው በመጀመሪያው ወር 53,000 ብር ግድም ይገዛ የነበረውን ነው። ይህን ስል እቁብ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ እጅን አስሮ የሚያስቆጥብ ከእሱ የተሻለ ነገር ጥቂት ነው። ነገር ግን መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠብቀው ሰው ዕጣ ለመለዋወጥ ከእቁቡ ዳኛና ከእቁብተኞቹ ጋር አስቀድሞ መነጋገር አለበት።

ከወር እስከ ወር ለማይደርስ ቤተሰብ ቆጥብ ማለት ስድብ ነው የሚለውን ተቃውሞ ግን በሙሉ ልብ እቀበላለሁ። ለቀለብ ያልበቃ ገቢ በሒሳብ አያያዝ አይበቃም፤ ችግሩ የገቢ ነውና። እንዲህ ያለው ሰው የሚወስነው የትኛው ዕዳ ይቅደም የሚለውን ነው። የገንዘቡ ልክ ትልቅ ስለሆነ የባንኩን ብድር ማስቀደም ይቀናናል፤ መቅደም ያለበት ግን ትንሽም ብትሆን በየወሩ ከፍ ያለ ወለድ የምትወልደው ዕዳ ናት። ከመሥሪያ ቤት የቁጠባና ብድር ማኅበር በዝቅተኛ ወለድ ተበድሮ አራጣን መዝጋት ዕዳ በዕዳ መተካት ቢመስልም ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ ሁለተኛ ወደዚያ በር ካልተመለሱ። ክፍያ የሚያቅት መሆኑ ከታወቀም አንድ ወር ሳያልፍ ሄዶ የመክፈያው ጊዜ እንዲራዘም መጠየቅ ይገባል፤ ውዝፍ ከተከመረ በኋላ አበዳሪው የማድመጥ ፍላጎቱ ይቀንሳል። ዋስ ካለም እሱ ቀድሞ ይወቅ። ተበዳሪው ሲያቅተው ዕዳው የሚዞረው ወደ ዋሱ ነው፤ እሱም የራሱን የወር ወጪ የሚያስተካክልበት ጊዜ ያስፈልገዋል።